የቀረችው አራት

ቀጨኔ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። በከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ትራምፔት ይጫወቱ የነበሩት ጋሽ ወንድይራድ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የእድሩን ጡሩምባ በሎሚ ያሻሉ፤ የኦርኬስትራው ኖታ ቤት ሠራተኛ ምንትዋብ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልመጣም አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልሽ? በኖታ ልጻፍልሽ?

ምንትዋብ፦ እስቲ መጀመሪያ ልጨርስ ጋሼ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ጨርሰሻል። ቅዳሜና እሁድ ኮንሰርት አለ። የሻምበል ብሥራት መታሰቢያ ነው። «ክረምት መውጫ» የሚለውን ሥራቸውን ትጫወታላችሁ። ትራምፔት የሚነፋውን ልጅ ምች መታው፣ ከንፈሩ ቆሰለ። ስለዚህ ወንድይራድ ይምጣ። ይኸው ሰማሁ። አልመጣም።

ምንትዋብ፦ ከንፈሩን ቢያዩት እኮ ያሳዝናል። ሻይ እንኳ በማንኪያ ነው የሚጠጣው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ዳማከሴ አሽታችሁ ቀቡት።

ምንትዋብ፦ ተቀባ። ጨምቀንም አጠጣነው። ኮንሰርቱ እኮ ከነገ ወዲያ ነው ጋሼ! ዳማከሴው እስኪሠራ ማን ይጠብቀናል?

ጋሽ ወንድይራድ፦ እንግዲያው ትራምፔቱ ብቻውን የሚነፋውን ሶሎ ለክላርኔት ስጡት።

ምንትዋብ፦ ሻምበል ለትራምፔት የጻፉትን? እርስዎ ይሄን ሲሉ አፍዎን አልያዘዎትም?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ያዘኝ። ያዘኝ፣ ግን አልኩት። በይ ሻይ ላስፈላልሽና በሰላም ሂጂ።

ምንትዋብ፦ ሻይ አልፈልግም። እርስዎ እስከ መቼ ነው እዚህ ተቀምጠው የእድር ጡሩምባ የሚያሹት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምን አለው? እዚህ እኮ ባለሥልጣን ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ ወጥቼ እነፋለሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከአልጋው ይነሳል። ሲምፎኒ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ስነፋ አንድ ሰው ከወንበሩ አላስነሳሁም። ደግሞ ለሞተ ሰው ስነፋ «ቀድመህ ገባህ» የሚለኝ የለም።

ምንትዋብ፦ በማርያም እንዲህ አይበሉ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምነው? ሳቂ እንጂ! አገር የሳቀበት ነው። የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ አሳየችኝ። ቫዮሊኖቹ እንደ ካፊያ ቀስ ብለው ይዘንባሉ፤ አዳራሹ ትንፋሹን ይዟል፤ ድንገት እኔ ብቻዬን እንደ ሲኖትራክ «ጷ!» ከሥሩ ምን ብለው እንደጻፉ ታውቂያለሽ? «አጎቴ ታክሲ ሊያመልጣቸው ነው።»

ምንትዋብ፦ አይቼዋለሁ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሳቅሽ?

ምንትዋብ፦ አልሳቅኩም። እኔ እንኳ... አልሳቅኩም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ብትስቂም አልቀየምሽም። ሃያ አራት ባር እረፍት ነው ያለኝ። ሌላው ሲጫወት እኔ አፌን ዘግቼ፣ ጉልበቴ ላይ በጣቴ እያንዳንዱን ባር እየቆጠርኩ፣ ሃያ አራቱ ሲሞላ እገባለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። የአፀደ ሕፃናት ልጅ እስከ ሃያ አራት ይቆጥራል። እኔ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ አራት ባር ቀድሜ ገባሁ።

ምንትዋብ፦ ቆጠራዎ ላይ ምንም ችግር አልነበረም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ጣቴን ስትቆጥሪ ነበር?

ምንትዋብ፦ ማለቴ... ልምምድ ላይ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ልምምድ ላይማ ማን ይሳሳታል! የቆጨኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? እኔ የመጣሁት ከማርሽ ባንድ ነው። ሻምበል ብሥራት ያፏጩልኛል፣ እኔ እነፋለሁ። በጆሮዬ ነው ያደግኩት። ኖታ ማንበብ የተማርኩት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው፤ እሷ ስታጠና እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ። ያን ቀን ከመድረክ ስወርድ እነዚያ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጨርሰው የመጡት ልጆች ምን ተባባሉ መሰለሽ? «ዞሮ ዞሮ የጆሮ ተጫዋች ነው።» ኮቴን እንኳ ሳላነሳ ነው የወጣሁት።

ምንትዋብ፦ ኮትዎ አለ። እኔ ጋ ነው። ሰቅዬዋለሁ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይሰቀል። ለመሆኑ የኦርኬስትራው መሪ ማስትሮ ናሁሠናይ እንዴት ፈቀደ? መጋረጃው ጀርባ «ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያይህ» ያለኝ ሰው?

ምንትዋብ፦ እሱ ነው የላከኝ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ዓይኔን እያየሽ በይው።

ምንትዋብ፦ እሱ... እሱ ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እሱ ቢፈልገኝ ስልክ አለው። አንቺ ደግሞ ከመጣሽ ጀምሮ ያንን የቦርሳ ዚፕ ትከፍቻለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ምን አደረገሽ ዚፑ?

ምንትዋብ፦ አልላከኝም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይኸው!

ምንትዋብ፦ «ከወንድይራድ በስተቀር ማንንም ፈልጉ» ነው ያለው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እግዜር ይስጠው፣ ስሜን አልረሳም። ታዲያ አንቺ በማን ሥልጣን መጣሽ?

ምንትዋብ፦ በራሴ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ለምን?

ምንትዋብ፦ ዕዳ ስላለብኝ። ጋሼ፣ ያን ቀን መቆሚያው ላይ ያገኙት ኖታ ትዝ ይልዎታል?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አዲስ ነበር። ጽድት ያለ። እንዲያውም «የምንቴ እጅ ጽሑፍ እንዴት ያምራል» ብዬ ለክላርኔቱ አሳይቼዋለሁ።

ምንትዋብ፦ እንደሱ አይበሉኝ እባክዎ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምን ሆንሽ? እውነቴን ነው፣ የሚያምር ጽሑፍ ነበር።

ምንትዋብ፦ የቀድሞውን ኖታ ዝናብ አገኘው። ኖታ ቤቱ መስኮት ሥር ትቼው ሄጄ፣ ስመለስ ርሷል። ኮንሰርቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው፣ እኔ ያየሁት ሰባት ሰዓት ላይ። ቀለሙ ለቅቋል፣ ግን ይነበባል። ለማንም ሳልናገር ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ሻምበል ሲጽፉ ያንን የእርስዎን እረፍት አንድ ላይ አልጻፉትም። ሃያው መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቦታ አልበቃቸውም መሰለኝ፣ አራቷ ብቻዋን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ናት። ሃያውን ጻፍኩ። በር ተንኳኳ፣ ቀና አልኩ፣ ከፈትኩ፣ ተመለስኩ...

ጋሽ ወንድይራድ፦ እና?

ምንትዋብ፦ አራቷን ዘለልኳት።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምን አልሽ አንቺ?

ምንትዋብ፦ ወረቀቱ ላይ የነበረው ሃያ ብቻ ነው። እርስዎ የተጻፈልዎትን ቆጥረው ነው የገቡት። አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አሳዪኝ።

ምንትዋብ፦ ይኸው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይሄን ይዘሽ ነው እንግዲህ ዚፑን የምታሰቃዪው! መነጽሬን አምጪልኝ፣ እዚያ ሬዲዮው አጠገብ። አይደለም፣ እሱ የሚስቴ ነው። አዎ፣ እሱ። እስቲ... ሃያ። ከዚያ ወዲያው የኔ መግቢያ። ሃያ! አራት የለችም!

ምንትዋብ፦ የለችም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ መቼ አወቅሽ?

ምንትዋብ፦ በማግስቱ ሰኞ። ኖታዎቹን ስሰበስብ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኳቸው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሰኞ! ይሄ ሁሉ ከሆነ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ነው። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ?

ምንትዋብ፦ ሙከራ ላይ ነበርኩ ጋሼ። ስድስት ወሬን ልሞላ አንድ ሳምንት ነበር የቀረኝ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል የቋሚነት ደብዳቤው መጣ። ከዚያ ደግሞ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ሲሉኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። በቆየ ቁጥር ባሰብኝ። እርስዎ ይመለሳሉ፣ ይረሳል ብዬ ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይረሳል? እኔ በየማለዳው እዚህ ቁጭ ብዬ ባቄላ እየቆጠርኩ ስለማመድ ነበር እኮ! ሃያ አራት ባቄላ፣ ከዚህ ሳህን ወደዚያ ሳህን! ሚስቴ ጭንቅላቱ ተነካ ብላ ሰባት ቀን ጠበል ወሰደችኝ! በዚያ ብርድ እንጦጦ ላይ ሰባት ቀን ተጠመቅኩ፣ ባንቺ አራት!

ምንትዋብ፦ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ቆይ። አትቸኩዪ። ገና እየተናደድኩ ነው።

ምንትዋብ፦ ይናደዱ። ይስደቡኝ። ደግሞ ይሄን ጡሩምባ ያንሱና ይምቱኝ ከፈለጉ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የእድር ንብረት ነው፣ ቢጎብጥ ያስጠይቀኛል።

ምንትዋብ፦ ጋሼ...

ጋሽ ወንድይራድ፦ የሚገርመኝ እኔው ራሴ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ አንድም ቀን አላሰብኩም። ዘግይቶ ኖታ የተማረ ሰው ወረቀት ይሳሳታል ብሎ አያስብም። መቼም መጨረሻ ላይ ቀልቤ ሄዶ ጣቴን ዘልያለሁ አልኩ፣ በቃ። አርጅተሃል አልኩት ራሴን።

ምንትዋብ፦ ታዲያ አሁን አወቁ። የርስዎ ጥፋት አይደለም። ቅዳሜ ይምጡ። ነገ ጠዋት ልምምድ ላይ እኔ ለማስትሮ እነግረዋለሁ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የኔም ጥፋት አለበት።

ምንትዋብ፦ ምን አለበት? ወረቀቱን እያዩት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። ጣቴ «ጨርሰሃል» ሲለኝ ጆሮዬ «ገና ነህ» ብሎኛል። ቫዮሊኖቹ አልወረዱም ነበር። እንዲያው ግማሽ ትንፋሽ ብጠብቅ ይገባኝ ነበር። ግን ዙሪያዬ ያሉትን ልጆች አሰብኳቸው። ኖታ አንባቢ ነኝ፣ ላሳያችሁ አልኩና ነፋሁት። ሻምበል የሰጡኝን ጆሮ እሳቸው ፊት ካድኩት። ወረቀቱስ ያንቺ ይሁን፣ ይሄን ለማን ልስጠው?

ምንትዋብ፦ ይሄን እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ዝም በይ እስቲ። ሻምበል ፊት ለፊት ወንበር ላይ ነበሩ። እኔ «ጷ» ስል አንገታቸውን ሲደፉ ከመድረክ አየኋቸው። ያ አንገት ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ ቲክቶኩ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንዴማ ደወሉን ነክቼዋለሁ። ነክቼ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ! በአራተኛው ወር ሞቱ ሲባል ሰማሁ። ቀብራቸው አልሄድኩም።

ምንትዋብ፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ለሰፈሩ ሬሳ ሁሉ የምነፋ ሰው ያሳደጉኝን ሰውዬ አልቀበርኩም። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሸኝቻለሁ፣ ባለፈው እንኳ ተከራይ ነበር፣ ስሙን ከእድሩ ወረቀት ላይ ነው ያነበብኩት። እሳቸውን ግን በምን ዓይኔ? ተቀይመውኝ ሞቱ ብዬ ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ።

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ ሌላም አለ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሌላ ደግሞ ምን ዘለልሽ?

ምንትዋብ፦ ሻምበል አልተቀየሙዎትም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አንቺ በምን አወቅሽ?

ምንትዋብ፦ ያን ሰኞ ኖታ ቤት መጥተው ነበር። በከዘራ፣ እያለከለኩ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። «የወንድይራድን ኖታ አሳዪኝ» አሉኝ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ለምን?

ምንትዋብ፦ «አንገቴን ደፍቼ ቆጠርኩ፣ የጎደለው ልክ አራት ነው» አሉ። «ወንድይራድ አንድ ባር ሊሳሳት ይችላል። አራት አይሳሳትም። አራት የሚሳሳተው ወረቀት ነው።»

ጋሽ ወንድይራድ፦ እንደሱ አሉ?

ምንትዋብ፦ በዚሁ ቃል።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ድገሚልኝ።

ምንትዋብ፦ «ወንድይራድ አራት አይሳሳትም።»

ጋሽ ወንድይራድ፦ አይ ሻምበል! አይ አባቴ! አንገታቸውን የደፉት... ሲቆጥሩ ነበር? እኔ እኮ አፍረውብኝ መስሎኝ... ቆይ። አሳየሻቸው?

ምንትዋብ፦ በጣም ደክሟቸው ነበር ጋሼ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምንትዋብ፣ ወረቀቱን አሳየሻቸው ወይ?

ምንትዋብ፦ በዝናብ ተበላሽቶ ተጣለ አልኳቸው። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ቆሜ ሳናግራቸው መሳቢያው ጉልበቴን ይነካኝ ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ለሻምበል ዋሸሽ።

ምንትዋብ፦ ዋሸኋቸው። አመኑኝ። «በይ እንግዲህ፣ ልጁ ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ» ብለው ወጡ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ልጁ ሲመጣ?

ምንትዋብ፦ ይመጣል ብለው ይጠብቁዎት ነበር ጋሼ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው የነገሩኝ። ደወል በተደወለ ቁጥር «ወንድይራድ ነው፣ ክፈቱለት» ይሉ ነበር አሉ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ በቃ! አትጨምሪ። እኔ ደወሉን ነክቼ ስሮጥ... በቃ አልኩሽ።

ምንትዋብ፦ ልጨርሰው። ዛሬ ካልጨረስኩት ሁለተኛ አልችልም። ቀብሩ ዕለት ወይዘሮ አስካለ ግራ ቀኝ እያዩ «ወንድይራድ አልመጣም?» ሲሉ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። አንዱ «ቂም ይዞ ነው» አላቸው። ቂም አይደለም፣ አፍሮ ነው፣ ያሳፈርኩትም እኔ ነኝ ማለት ይቻለኝ ነበር። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፣ ሰው ለሻምበል መሰለው። ይኸው እስከ ዛሬ ወይዘሮ አስካለ እርስዎ ቂመኛ እንደሆኑ ነው የሚያውቁት። እኔን ደግሞ በየበዓሉ ስሄድ «ምንቴ ልጄ» ብለው አንገቴን አቅፈው ይስሙኛል። ቅዳሜ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያንን ሶሎ ክላርኔት ሲጫወተው እያዩ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳያቸው ታየኝና... አልቻልኩም። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ቀይ ቡኒው ጫማዬን አምጪልኝ፣ ከበሩ ኋላ ነው።

ምንትዋብ፦ ወዴት ሊሄዱ ነው?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ወይዘሮ አስካለ ጋ።

ምንትዋብ፦ አሁን? የቅዳሜውስ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ የቅዳሜውን እሳቸው ይወስኑት። ይንፋ ካሉ እነፋለሁ፣ ማስትሮም ደስ ካለው ይየኝ፣ ካላለው ዓይኑን ይጨፍን። አይንፋ ካሉ ለክላርኔት ስጡት። ተነሺ፣ አብረን ነን።

ምንትዋብ፦ እኔም? እኔ እዚያ ገብቼ ምን እላለሁ? ጋሼ፣ መጀመሪያ ለማስትሮ ልናገር፣ ነገ ጠዋት። ሥራዬንም ይውሰደው። ለሳቸው ግን... እሳቸው ዓይኔን ሲያዩኝ አልችልም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ማስትሮን ምን በደልሽው? እሱ ይደርሳል። ሻምበል ያን ደረጃ የወጡት ለማስትሮ አይደለም።

ምንትዋብ፦ እርስዎ ምን ይሏቸዋል?

ጋሽ ወንድይራድ፦ እግራቸው ላይ ወድቄ ቀብር የቀረሁት ቂም ይዤ ሳይሆን አፍሬ ነው እላለሁ። ደወሉን ነክቶ የሮጠው እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ።

ምንትዋብ፦ ስለ ወረቀቱስ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ወረቀቱን እንቺ፣ ያንቺ ነው። አጣጥፈሽ ያዥው።

ምንትዋብ፦ አፌ ቢተሳሰርብኝስ? እዚያ ቁጭ ብዬ እንደ ልማዴ ባለቅስና ቃል ባይወጣኝ፣ ይናገሩልኛል?

ጋሽ ወንድይራድ፦ እኔ? አልናገርልሽም። ካልተናገርሽ እሳቸውም ፊት የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ እመለሳለሁ፤ ለምጄዋለሁ።